ቀንድ ያለው ይገባል

ለንደን፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1738

ወንድሜ ባርናቢ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን። ጆሳያን ሳሉ ትንሽ ለቀቅ አድርጎታል፤ እኔም እጄ በማተሚያ ቀለም እንደ ጠቆረ አለሁ። በጋሪ ነጂው በኦቤድ የላክኸው አይብ ደርሶናል፤ እጅህ ይባረክ።

ደብዳቤህን ግን አንብቤ ሳቅሁም ተናደድሁም። አሁን «ያ ነገር»፣ «ያ ነገር» እያሉ ሦስት ገጽ መሙላት ምን ይባላል? ኦቤድ ማንበብ አይችልም። ደብዳቤያችን በእሱ ጋሪ እንጂ በፖስታ ስለማይሄድ የሚከፍትብን የለም። ስለዚህ እንደ ሰው እናውራ። «ያ ነገር» ግጥም ነው። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ያተመው ባሌ ነው። ይህን የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው አንተ ብቻ ነህ።

ሰር ሁጎ ታልቦይን በስሙ አልጠራሁትም። «ባለ ሚዛኑ ጌታ» ነው ያልሁት። ከተማው ግን ባንድ ቀን አወቀው። ክረምት ከበጋ ፍርድ ሲሸጥ የኖረ ዳኛ እኮ ነው፤ በችሎቱ አልፎ ያልተቃጠለ ቤተሰብ በሰፈራችን የለም። አንተ ግን ለእኔ ስትጽፍልኝ እንኳ «እሳቸው» ትለዋለህ። የመንደራችን ጌታ ስለሆነ ነው? ወይስ ደብዳቤው ውስጥ ተደብቆ የሚሰማህ ይመስልሃል?

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። አዎ፣ መጥተዋል። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከመንግሥት ጽሕፈት ቤት የተላኩ ሁለት ሰዎች ገቡ። ጆሳያን ከግድግዳው አስጠግተው «ማነው የጻፈው?» አሉት። «በበሩ ሥር ተወርውሮ አገኘሁት» አለ። አንደኛው ግጥሙን አንሥቶ እዚያው አፍንጫዬ ሥር ጮክ ብሎ አነበበ፦

ሕጉን በቀኝ ኪሱ፣ ፍርድ በግራው ይዞ፣
ችሎት ተቀመጠ፣ በወይን ጠጅ ደንዝዞ።

ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ከዚያ ለጓደኛው «ይሄ የትልቅ ትምህርት ቤት ሰው ሥራ ነው። ሰው ሠራሽ ጠጉር ያደረገ ሽማግሌ መሆን አለበት» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «እመቤት፣ ቢራ አይጠፋም መቼም?» አለኝ። ቀዳሁለት። ለሁለተኛው እትም የለቀምሁት የማተሚያ እርሳስ ፊደል በሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ስራመድ እንዳይንሿሿ በእጄ ጨብጬው ነው የቀዳሁት። ከወጡ በኋላ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ጆሳያም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

እማማ አግነስ እንዴት ናት? ያሳደገችንን ሴት ነገር ጠይቄህ ባለፈውም ዘለልኸው።

እህትህ ቶማሲን


ዌንፎርድ፣ ኖቬምበር 15 ቀን 1738

ለእህቴ ለቶማሲን፣

ሰላምሽ ይብዛ። ለመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ቀለም አልቆብኝ ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። እውነቱ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር በር የተንኳኳ ይመስለኛል።

የላክሽልኝን ቅጂ አቃጥዬዋለሁ፤ አትቀየሚኝ። ከማቃጠሌ በፊት ደጋግሜ አነበብሁት። እንደ ግጥም ጣፍጦኝ እንዳይመስልሽ፤ የትኛው ቃል እንደሚያጠፋን ስፈልግ ነው። ከፍርሃቴ ብዛት ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝሁት። አሁን ቅዳሴ ላይ ቆሜ መዝሙሩን ስጀምር ያንቺ ስንኝ ቀድሞ ምላሴ ላይ ይመጣል።

ቃሉንም አገኘሁት፦

የመበለት መስኳን፣ ለአጋዘን አጠረው፣
ቀንድ ያለው ይገባል፣ ሰውን ከለከለው።

ቶማሲን፣ ምን ነካሽ? ጉቦ የሚበላ ዳኛ በየአገሩ አለ። የመበለት መስክ ነጥቀው የአጋዘን ማደኛ ያደረጉ ጌታ ግን ሰር ሁጎ ብቻ ናቸው፤ መስኩም የእማማ አግነስ ነው፤ ያለውም እዚሁ ነው። ይህን የሚያውቅ ለንደን ውስጥ ማን አለ? ከዚህ የሄደ ሰው ብቻ! ባለፈው እሑድ የርስታቸው ሹም አቶ ክሪድላንድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጠብቆ ያዘኝ። ፈገግ ብሎ «ቄስ ኦርቻርድ፣ ግጥም ይወዳሉ?» አለኝ። «የዳዊትን» አልሁ። «እሱማ ሞቷል» አለና እየሳቀ ሄደ። ያን ቀን ምግብ አልወረደልኝም።

እኔ እዚህ ደብር ረዳት ቄስ የሆንሁት በሰር ሁጎ ፈቃድ ነው። በአንድ ቃል የሰጡኝን በአንድ ቃል ይነሡኛል። በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፤ ለሚቀጥለው እትም ሁለቱን መስመሮች አውጪያቸው።

እማማ አግነስ ደህና ናት።

ወንድምሽ ባርናቢ


ለንደን፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1738

ወንድሜ፣

ሁለቱን መስመሮች አላወጣኋቸውም። ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ ታትመው ነበር። ቀድሞ ቢደርሰኝስ? እሱን አትጠይቀኝ።

አሁን ሌላ ነገር መጥቶብናል። ሉክ ፌኒሞርን አታውቀውም። ከኛ ማዶ ጣሪያ ሥር ተከራይቶ የሚኖር ገጣሚ ነው፤ ጌቶች ሲወለዱ ውዳሴ፣ ወንበዴ ሲሰቀል ሙሾ ይጽፋል። ጆሳያ አንዳንዴ ያትምለታል። ክፉ ሰው አይደለም። ግን አድናቆት ይርበዋል፤ ከምግብ ይብስበታል። ባለፈው ሳምንት መጠጥ ቤት ውስጥ አንዱ ግጥሜን ቆሞ ሲያነብ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ፌኒሞር ወንበር ላይ ወጣና «ደራሲውን ማወቅ የምትፈልጉ ቢራ አምጡልኝ!» አለ። ቢራው መጣ። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ጎንበስ ብቻ ነው ያለው።

በማግስቱ ወሰዱት።

አሁን እስር ቤት ሆኖ «እኔ አይደለሁም» እያለ ይምላል። ማን ይሰማዋል? በጃንዋሪ አደባባይ ያወጡታል አሉ፤ አንገቱንና እጆቹን በሳንቃ መሃል ቆልፈው ሕዝቡ ፊት ሊያቆሙት ነው። ባለፈው ጊዜ እንዲያ ያቆሙት ሰውዬ አንድ ዓይኑን እዚያው ትቶ ነው የወረደው። ሰር ሁጎ ደግሞ ድንጋይ የሚወረውሩ ሰዎች ገዝቶ እንደሚልክ ማንም ይገምታል።

ካንተ ምን እደብቃለሁ? መያዙን ስሰማ መጀመሪያ ያልሁት «እፎይ» ነው። ጮክ ብዬ አልሁት፤ ጆሳያም ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቶናል።

ምን ላድርግ? ቄስ ነህ፤ አንድ ነገር በለኝ።

ቶማሲን


ዌንፎርድ፣ ዲሴምበር 13 ቀን 1738

እህቴ፣

አንድ ነገር በለኝ ብለሻልና ልበልሽ። ዝም በይ።

ሰውየው ራሱ ገባበት። አንቺ አልከሰስሽው፤ ስሙን አልጠራሽው። ከዝምታ በቀር ያደረግሽው የለም። ብትናገሪ ጆሳያን ያስሩታል፣ ማተሚያውን ይሰብራሉ፣ አንቺንም… ሴትን ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። እግዚአብሔር መውጫ ከፈተልን ብለሽ ተቀበይው።

እንደጻፍሁት መልሼ አነበብሁት። ትላንት ከመድረክ ሆኜ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ሳስተምር ድምፄ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ምእመናኑ ብርድ የመታኝ መስሏቸው ማር ላኩልኝ። ቢሆንም ደብዳቤውን አልቀደድሁትም፤ ይኸው ልኬልሻለሁ። ካንቺ በቀር ያለኝ ሰው የለም። የማላውቀውን ሰው ለማዳን አንቺን አልሰጥም። ኃጢአት ከሆነ ይሁን።

ሰር ሁጎ ገናን እዚህ ሊያሳልፉ መጥተዋል። ከገና በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሚደረገው ግብዣ ላይ እንድገኝ ጠርተውኛል። ከዚህ በፊት አንድም ጊዜ ጠርተውኝ አያውቁም። ጥሪውን ያመጣው ክሪድላንድ ነው። «ከምሳ በኋላ ግጥም ይነበባል። እርስዎ ደግሞ የተማሩ ሰው ነዎት» አለኝ።

እንግዲህ ጸልዪልኝ አልልሽም፤ የጸሎቱ ሰው እኔ ነበርሁ።

ባርናቢ


ለንደን፣ ዲሴምበር 22 ቀን 1738

ባርናቢ፣

ዝም አላልሁም። ምክርህ ከልብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህም አልተቆጣሁህም።

ሐሙስ ዕለት የእሑድ ልብሴን ለብሼ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድሁ። ጆሳያ ቆቡን እያሻሸ ውጪ ቆመ፤ ቢይዙኝ ማንን እንደሚጠራ እንኳ አላወቀም። ጸሐፊው ገና ጎረምሳ ነው፤ ምሳውን እየበላ አናገረኝ።

«ግጥሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁት።

«የቱን ግጥም?»

«ባለ ሚዛኑን ጌታ።»

ማኘኩን አቆመ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «ማነው የላከሽ? ባልሽ?» አለ።

«ማንም አልላከኝም።»

«ታዲያ ሰካራሙን ገጣሚ ትወጂዋለሽ ማለት ነው። ባልሽ ያውቃል?»

ፊቴ ጋለ። ካልሰማኸኝ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው በቃሌ ወጣሁለት። ምሳውን ትቶ አዳመጠኝ። ስጨርስ አጨበጨበና «ሚስቴም መዝሙረ ዳዊትን በቃሏ ትወጣለች። ዳዊት ናት ልበል?» አለ። ጓደኞቹም ከወዲያ ክፍል ሳቁ። «ሂጂ እመቤት፣ ወጥሽ ያርራል» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ታስሬ ልቀር አስቤ የሄድሁት ሰው ተስቆብኝ ተመለስሁ። መንገድ ላይ እያለቀስሁ ነበር። ጆሳያ «ነፃ ነሽ እኮ! ለምን ታለቅሻለሽ?» ይለኛል።

ስለዚህ ሁለተኛ ግጥም ጻፍሁ። ፌኒሞር እስር ቤት ተቆልፎበት ሳለ አዲስ ግጥም በመንገድ ላይ ከተሸጠ፣ ያው ምላስ፣ ያው አካሄድ መሆኑን ማንም ያያል። ያኔ እሱ አይደለም ማለት ነው። ጆሳያ ምድር ቤት ገብቶ እየለቀመው ነው። ከችኮላው የተነሣ ፊደሉ ይበተንበታል፤ እኔ ተንበርክኬ እሰበስባለሁ። በእጄ የገለበጥሁትን አንድ ቅጂ በኦቤድ ልኬልሃለሁ። አንብበህ የምትለኝን በለኝ፤ ያስቀየመህ ነገር ካለም ንገረኝ።

እዚያ ማዕድ ግን አትቅረብ። ታምሜአለሁ በል። ወይም በኦቤድ ጋሪ ተሳፍረህ ወደ እኛ ና።

ቶማሲን


ዌንፎርድ፣ ዲሴምበር 30 ቀን 1738

እህቴ፣

በጣም አጭር እጽፋለሁ።

ኦቤድ የጋሪው ጎማ ተሰብሮበት ጥቅሉን በመንገድ ዳር ማደሪያ ቤት ትቶት ነበር። እስከ ቤቴ ያመጣልኝ ማን ይመስልሻል? የክሪድላንድ አሽከር! «ከለንደን ነው አሉ» ብሎ ሰጠኝ። ማኅተሙ የተነካ አይመስልም። ግን በምን አውቃለሁ? ደብዳቤሽን አንብቤ፣ ግጥሙን ሳልገልጠው እሳት ውስጥ ጨመርሁት። ምን እንደሚል አላውቅም። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

አንድ የዋሸሁሽ ነገር አለ። እማማ አግነስ ደህና አይደለችም። በኦክቶበር ከቤቷ አስወጥተዋታል። መስኩ ለአጋዘን ከታጠረ በኋላ ላሟን የምታሰማራበት አጣች፤ ላሟን ሸጠች፤ ቀጥሎ ጎጆዋ አጥሩ ውስጥ ነው ተባለ። አሁን ከመቃብር ቆፋሪው ቤት ጓሮ፣ ከመሣሪያው ጋር ትተኛለች። «ለቶማሲን እንዳትነግራት፣ ትናደድና ሌላ ትጽፋለች» ያለችኝ ራሷ ናት። አዎ፣ ማን እንደጻፈው ታውቃለች። ክሪድላንድ ሊያሾፍባት ስንኙን ሲያነብላት «ይቺማ የኔዋ ልጅ ናት» አለች በልቧ። ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።

ግብዣው ላይ ካልሄድሁ መቅረቴ ራሱ ይናገርብኛል። እሄዳለሁ። እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ እመለሳለሁ።

ባርናቢ


ለንደን፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1739

ባርናቢ፣

ኦቤድ ዛሬ ደረሰ፤ ካንተ ግን ምንም አልያዘም። «ቄሱን አላየኋቸውም፤ የቤታቸው መስኮት ተሰብሯል» አለኝ። ምን ማለት ነው? ብጠይቀው ከዚህ ሌላ አያውቅም። የምን መስኮት? ማን ሰበረው? በሕይወት ካለህ አንድ ቃል ጻፍልኝ፤ በፖስታም ቢሆን ላክ፤ ይክፈቱት።

እኛ ዘንድ የሆነውን ልንገርህ፤ ዝም ብዬ ከተቀመጥሁ አብዳለሁ። ሁለተኛው ግጥም በወጣ በሦስተኛው ቀን ፌኒሞርን ለቀቁት። ጆሳያን ደግሞ ለጥያቄ ወስደው አንድ ጉንጩን አሳብጠው መለሱት። ምን አልሃቸው ስለው «በበሩ ሥር ተወርውሮ አገኘሁት አልኋቸው» አለኝ፤ ባበጠ አፉ ሊስቅ እየሞከረ።

ፌኒሞር ሊያመሰግን የመጣ መስሎህ ይሆናል። ቅር ብሎት ነው የመጣው! «ሰው ሁሉ አሁን የኔ እንዳልሆነ አወቀ» ይላል። ከሲታ ፊቱን ሳየው አልቻልሁም፤ ሾርባ ሰጠሁት። እየጠጣ «ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያንሳል» አለኝ።

ወንድሜ፣ ጻፍልኝ።

ቶማሲን


ሰሜን ሌይ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1739

እህቴ ቶማሲን፣

አለሁ። አድራሻውን አይተሽ አትደንግጪ፤ ከዌንፎርድ ወጥቻለሁ። የእማማ አግነስ እህት ቤት ነኝ፤ እሷም አብራኝ ናት። እጄ በብርድ ደርቆ ነው ቶሎ ያልጻፍሁት፤ ባርኔጣና ካባዬ ሰር ሁጎ ቤት ቀሩ።

ሁሉንም ልንገርሽ።

የግብዣው ዕለት ከቀትር በኋላ ነበር፤ ፀሐዩ በበረዶው ላይ ዓይን ይወጋል። ማዕዱ ላይ ሰር ሁጎ፣ ክሪድላንድ፣ ሁለት የጎረቤት ባለርስቶችና ከከተማ የመጣ ጠበቃ ነበሩ። የአጋዘን ጥብስ ቀረበ። ባርክ አሉኝ፣ ባረክሁ። ሥጋውን ቆርጠው ሳህኔ ላይ ሲያደርጉልኝ ሰር ሁጎ ያንቺን ግጥም ከኪሱ አወጣ። ጎበዝ አንባቢ ነው፤ ይህን አልጠበቅሁም። በየቦታው እየሳቀ አነበበው፤ እኛም አብረን ሳቅን። እኔም ሳቅሁ ቶማሲን። መስኩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይህ ሰው ዌንፎርድን ያውቃል። እዚህ መንደር ብዕር የሚይዝ ስንት ሰው አለ፣ ቄስ ኦርቻርድ?»

«ጥቂት ነው ጌታዬ።»

«ክሪድላንድ ደግሞ የአታሚው ሚስት የዚህ መንደር ልጅ ናት ይለኛል። እህትህ ናት አሉ። ጽሕፈት ቤት ሄዳ እኔ ነኝ ብላ አስቃቸዋለች። እነሱ ሞኞች ናቸው፤ እኔ አልሳቅሁም። ነገ ለጽሕፈት ቤቱ እጽፋለሁ። ሴት ናት ተብሎ ጅራፍ አይቀርም።»

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ወንበሬ ሲወድቅ ነው የሰማሁት። «እሷ እኔን ለማዳን ዋሽታ ነው። የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ። ሁሉም ሳቁ፤ ክሪድላንድማ እንባው ወረደ።

«እስቲ ካቆምሁበት ቀጥላ!» አለኝ ሰር ሁጎ።

ቀጠልሁ። ስንት ጊዜ ፈርቼ ያነበብሁት ነው፤ አንዲት ቃል አልጠፋችኝም። ስጨርስ የሚስቅ አልነበረም።

«ሁለተኛውንም የጻፍኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ራስህንም እንዲያ አድርገህ?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ምን ጽፈሽ ነበር? ብቻ «አዎ» አልሁ። «እንግዲያው ከእሱም በለን» አለ።

አንዲት ቃል አላውቅም! ዝቅ ብዬ ሳህኔን አየሁ። ሥጋው አልተነካም። «አዲስ ስንኝ ጨምሬበታለሁ» አልሁ፤ በሕይወቴ ግጥም ገጥሜ አላውቅም፤ ይህን አልሁ፦

ሥጋው ይጣፍጣል፣ እኔ ግን አልበላም፣
የመበለቷን ሣር ግጦ ነው የሰባው፣ ጉሮሮዬን አያልፍም።

ጠበቃው አፍንጫው ውስጥ ሳቀ። ሰር ሁጎ ግን ወደ ጥብሱ ነበር የሚያየው። «ይህ ግጥም አይደለም» አለ ቀስ ብሎ።

«አይደለም፤ ግን እውነት ነው» አልሁት።

ሳህኑን ወረወረብኝ፤ ጆሮዬን ሳተኝ። «እስር ቤት አበሰብሰዋለሁ!» ሲል ጠበቃው እጅጌውን ይዞ «ጌታዬ፣ ከከሰሱት መስኩ የማን እንደሆነ ችሎት ፊት መመርመሩ አይቀርም» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሁለት አሽከሮች ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው በረዶው ላይ ጣሉኝ። ቤቴ ስደርስ መስኮቶቹ ረግፈዋል፤ በማግስቱም ከጳጳሱ ደብዳቤ መጣ። ቄስነቴን አልገፈፉኝም፤ በዚህ አገር ደብር ግን አላገለግልም።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ጀግና ሆነ ብለሽ እንዳታስቢ። ትላንት የሥጋ ሻጭ ፈረስ ሲያልፍ ከበር ኋላ ተደብቄ እማማ አግነስ ነች የጎተተችኝ። «ና ውጣ፣ አንተን የሚፈልግህ የለም፤ ሰር ሁጎ አቻውን አግኝቷል» አለችኝ።

እህቴ፣ ግጥምሽን ስለሰረቅሁሽ ተቆጥተሻል? ሁለተኛውስ ላይ ምን ብለሽ ነበር?

ባርናቢ


ለንደን፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1739

ባርናቢ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስሁት። ጆሳያ እንድደግምለት ጠየቀኝ፤ ደገምሁለት። «ጆሮዬን ሳተኝ» የምትለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ሰጠሁት፤ እሱ ተቀብሎኝ ጨረሰ።

ተቆጥቼአለሁ ወይ? ትንሽ አዎ። ጽሕፈት ቤት ቆሜ በቃሌ ስወጣው ሳቁብኝ፤ አንተ እዚያ ቆመህ ስትለው አመኑህ። ይህ ይቆጠቁጠኛል። ለመቆጣት ግን መጀመሪያ አንተን ደህና ሆነህ ማየት አለብኝ።

ሁለተኛውን ጥያቄህን ባልመልሰው እወድ ነበር። ግጥሙ ስለ ማዕዱ ነው፤ በሰር ሁጎ ገበታ ስለሚቀመጡት። ጠበቃው አለበት፣ ሹሙ አለበት። ቄሱም አለበት፦

ቄሱ ማዕድ ባረከ፣ ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣
ካላዩት አይቆጠርም፣ ኃጢአትም ከሆነ።

ይህን የጻፍሁት «ዝም በይ» ያልኸኝ ደብዳቤ በደረሰኝ ቀን ነው። አንተን አስቤ ነው የጻፍሁት። አንብበህ እንድትቀየመኝ ፈልጌም ነበር። አንተ ግን ሳታነበው አቃጠልኸው፤ ከዚያም ስድብህን ሳታውቅ «እኔ ነኝ የጻፍሁት» ብለህ በዚያ ሰው ፊት ቆምህ። ይህን ሳስብ እጄን የማደርግበት አጣለሁ።

እዚህ ገና ጥሩ አይደለም። ትላንትም ሁለቱ ሰዎች ማዶ ቆመው በራችንን ሲያዩ ዋሉ። አልገቡም። ጸሐፊውን «የታልቦይን ጉዳይ ለጊዜው ተዉት» ብለውታል የሚል ወሬ ሰምተናል። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃል አታስተኛኝም። ቢሆንም ና። ኦቤድ ሰሜን ሌይን አልፎ ይመጣል፤ እማማ አግነስንም ይዘሃት ና። ምድር ቤቱ ይሞቃል። ፌኒሞር ግጥምህን ይተችልሃል፤ ስለ ሥጋው ስንኝ ነግሬው «ቤት አይመታም» ብሏል።

የሁለተኛውን ግጥም አዲስ እትም ጀምረናል። የቄሱን ሁለት መስመር አወጣኋቸው፤ በቦታቸው ያንተን አስገባሁ። ጆሳያ ለቅሞ ሲጨርስ ጠራኝ። «ሁለተኛው መስመር ከገጹ ይወጣል። ያነክሳልም። ‹ግጦ ነው የሰባው›ን ላውጣለት?» አለኝ።

«እንዳትነካው» አልሁት።

ሰፋ ያለ ወረቀት ገዛን።

እህትህ ቶማሲን